ማግኔት የዘር እድገት ላይ ለውጥ ያመጣል? ቤት ውስጥ በትክክል የሚሞከርበት መንገድ

"ማግኔት ከተክሉ ስር ብታደርጉ በፍጥነት ያድጋል" የሚል ቪዲዮ ያላጋጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለት ብርጭቆ አፈር ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አንዱ ስር ማግኔት ይደረጋል፣ ከሳምንት በኋላ ማግኔት ያለበት በሁለት ጣት በልጦ ይታያል፣ በቃ ተረጋገጠ ተብሎ ያልቃል። እኔ ይሄን ጉዳይ በጣም ነው የምወደው፣ ለዛም ነው እንዲ በችኮላ ሲዘጋ ቅር የሚለኝ፣ ምክንያቱም ጥያቄው የምር ጥያቄ ነው፣ ተመራማሪዎች ለ100 ዓመት ያህል ሲከራከሩበት ኖረው እስካሁን አልቋጩትም፣ ደሞ በጥቂት እቃ ቤት ውስጥ ወይ ትምህርት ቤት ውስጥ በደንብ ሊሞከር ይችላል። ማግኔት ማግኘቱ ቀላል ነው፣ የሚከብደው ማወዳደሪያውን ማስተካከል ነው። ሁለት ዘር ጎን ለጎን ብትተክሉ ያለምንም ማግኔትም አንዱ ሌላውን በልጦ ይወጣል፣ ስለዚ ያያችሁት ልዩነት ከማግኔቱ ይምጣ ከሌላ ነገር የሚለይላችሁ አሰራር ያስፈልጋችኋል። ከታች የምጽፈው እሱን ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው

የማግኔት መስክ (የማግኔቱ ጉልበት የሚሰማበት አካባቢ ማለት ነው) ጥንካሬው የሚለካው በቴስላ ነው፣ ሚሊቴስላ የቴስላ አንድ ሺህኛ፣ ማይክሮቴስላ ደሞ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መሬት ራሷ ማግኔት ናት፣ መስኳ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ይሆናል፣ ምድር ወገብ አካባቢ ደከም ይላል፣ ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጉ ይበረታል። ስለዚ ማንኛውም ተክል ድሮም ማግኔት ውስጥ ነው የሚያድገው፣ እኛ የምንጠይቀው ከዛ በላይ ብንጨምርበት ምን ይሆናል ብለን ነው። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ስስ ማግኔት ፊቱ ላይ 5 ሚሊቴስላ አካባቢ ነው፣ ይሄ ራሱ የመሬትን 100 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለው የኤምአርአይ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይ 3 ቴስላ ነው። ዘር ላይ የተሰሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ከ50 እስከ 300 ሚሊቴስላ ባለው መሀል ናቸው፣ እኛም እዛው ክልል ውስጥ ብንሰራ ነው የሚሻለው።

አሁን ትልቁ ነገር ርቀት ነው፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው አያተኩርም። 2 ሳንቲሜትር ስፋት 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክብ የኒዮዲሚየም ማግኔት ያዙ (ብርማ ሆኖ የሚያብረቀርቀው፣ በጣም ጠንካራው ማለት ነው)። ፊቱ ላይ መሀሉ ጋ 270 ሚሊቴስላ አካባቢ ይሰጣል። 1 ሳንቲሜትር ስትርቁ ወደ 75 ይወርዳል፣ 2 ሳንቲሜትር ላይ ወደ 20፣ 5 ሳንቲሜትር ላይ 2 ሚሊቴስላ ብቻ ይቀራል። 20 ሳንቲሜትር ላይ ከመሬት መስክ ጋር ይስተካከላል፣ 1 ሜትር ላይ ደሞ ከመሬቷ መስክ 1 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ራቅ ካላችሁ በኋላ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ ነው የሚወርደው። ቪዲዮው ላይ ያለውን ብርጭቆ አስቡት እስቲ፣ ማግኔቱ ከታች ነው፣ ዘሩ ያለው ከላይ ነው፣ መሀል ላይ 5 ሳንቲሜትር አፈር አለ፣ ማግኔቱ ያን ያህል ጠንካራ ቢሆን እንኳ ዘሩ ጋ የሚደርሰው 2 ሚሊቴስላ ነው፣ የፍሪጅ ማግኔት ከሆነ ደሞ ምንም አልደረሰም ማለት ይቻላል። ያ ተክል ከረዘመ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

እስካሁን የተገኘው ነገር

በ1930 ሳቮስቲን የሚባል ተመራማሪ የስንዴ ስር ማግኔት ውስጥ እድገቱ ጨመረ ብሎ ጽፏል። በ1960 ደሞ ኦደስ የተባለ እንግሊዛዊ የእጽዋት ተመራማሪ ስር በማግኔት ምክንያት አቅጣጫ ይቀይራል ብሎ ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ። ከዛ ወዲህ የወጣው ብዙ ነው፣ በቆሎ፣ ሱፍ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ቲማቲም ላይ ሁሉ ተሞክሯል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚመስጠኝ በ2008 ቫሺስት እና ናጋራጃን የተባሉ የህንድ ተመራማሪዎች ሽምብራ ላይ የሰሩት ነው። ደረቅ ዘሩን እስከ 250 ሚሊቴስላ ድረስ በየ50 እየጨመሩ፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ማግኔት ውስጥ አቆይተው ከዛ አበቀሉት፣ አበቃቀሉም የቡቃያው ርዝመትም ማግኔት ካላየው ተሻለ። የሚገርመው ግን ማግኔቱ በበረታ ቁጥር ወይ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር እየተሻለ አልሄደም፣ ጥሩ ውጤት የሰጡት 50 ሚሊቴስላ ለ2 ሰዓት፣ 100 ለ1 ሰዓት እና 150 ለ2 ሰዓት ናቸው፣ ወጥ የሆነ አካሄድ አልነበረውም። ይሄን ልብ በሉልኝ። የማግኔቱ መጠን ሲጨምር ውጤቱም አብሮ ካልጨመረ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወይ የምር ውስብስብ ነገር አለ፣ ወይ ደሞ ከብዙ ሙከራ ውስጥ በእድል ከፍ ያሉት ተመርጠው ይታያሉ። ሁለቱን ለመለየት መደጋገም ብቻ ነው ያለው።

ሲደጋገም ደሞ አንዳንዱ ይጠፋል። በ2007 ማርጋሬት አህመድ እና ባልደረቦቿ አራቢዶፕሲስ የምትባለው የላቦራቶሪ ተክል ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ስታድግ 500 ማይክሮቴስላ ማግኔት ግንዷን እንደሚያሳጥር አሳዩ። በ2009 ሌላ ቡድን ያንኑ ሙከራ ሙቀቱንም ብርሃኑንም በጥብቅ ተቆጣጥሮ ሲደግመው ምንም ልዩነት አላገኘም። በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱም አሉ፣ በ2012 በወጣ ሥራ የመሬትን መስክ በሽቦ ጥቅል አጥፍተው ዜሮ አካባቢ ሲያደርሱት ይህችው አራቢዶፕሲስ አበባ ለማውጣት ዘገየች። ይሄ ለወደፊት ጨረቃ ወይ ማርስ ላይ ተክል ለማብቀል ለሚያስቡ ሰዎች ቀልድ አይደለም፣ ሁለቱም ላይ እንደ መሬት ዓይነት ጠቅላላ የማግኔት መስክ የለም።

ለምን ሊሰራ ይችላል ካላችሁ ጠንከር ያሉት ሀሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው ክሪፕቶክሮም የሚባል ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበል ፕሮቲን ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጥንድ ሆነው የሚፈጠሩ ነጠላ ኤሌክትሮኖች አሉት፣ የነሱ ሁኔታ በደካማ ማግኔት እንኳ ሊነካ ይችላል፣ ወፎች አቅጣጫ የሚያውቁትም በዚሁ ነው ተብሎ በሰፊው ይታሰባል። ሁለተኛው ስታርች ነው። የስር ጫፍ ህዋሶች ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፣ ስሩ ታች የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቀው እነሱ ወደታች ስለሚዘቅጡ ነው። ስታርች ከማግኔት በጣም በትንሹ የሚሸሽ ነገር ነው፣ በ1996 ኩዝኔትሶቭ እና ሃዘንስታይን በአጭር ርቀት ውስጥ በጣም የሚለዋወጥ መስክ ተጠቅመው ቅንጣቶቹን ገፍተው ስሩን አጣመሙት። እንዴት ደስ ይላል፣ መሬት ስበት የሚሰራውን ሥራ ማግኔት ተክቶት ማለት ነው።

"ማግኔት ያለፈበት ውሃ" ተብሎ የሚሸጠውን በዚሁ ልለፈው። ውሃ ከማግኔቱ ከወጣ በኋላ ማግኔት ሆኖ አይቆይም፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ትስስር ሴኮንድ በትሪሊዮን ሲካፈል በሚገኝ ጊዜ ውስጥ ተበጥሶ እንደገና ይታሰራል። መጀመሪያ ዘሩን ሞክሩ።

የሚያስፈልገው

ዘር ስትመርጡ ትንሽ፣ ቶሎ የሚበቅል እና ብዙ የሆነ ይሁን። እኔ ፌጦን ነው የምመክረው፣ ላቦራቶሪዎችም በጣም ይጠቀሙበታል፣ በ1 ወይ 2 ቀን ይጎነቁላል፣ 100 ፍሬው ደሞ የጣት ጥፍር በማታክል የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ይሄ በጣም ይጠቅመናል። ሰናፍጭ ወይ የጎመን ዘርም ይሆናል። ሁሉም ከአንድ ከረጢት የወጣ፣ መድኃኒት ያልተቀባ ይሁን። የተሰበረ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለየ ለቅማችሁ አውጡ።

ማግኔቱ ያልኳችሁ ዓይነት 2 ክብ ኒዮዲሚየም ነው። ከዛ 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ቁራጭ ፈልጉና 1.5 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ይበሳ። ማግኔቶቹን በቀዳዳው ሁለት አፍ ላይ በሚሳሳቡበት በኩል ፊት ለፊት ስታስቀምጧቸው እንጨቱን ነክሰው ይይዙታል፣ ቀዳዳው መሀል ላይ 150 ሚሊቴስላ አካባቢ ይሆናል፣ የሽምብራው ጥናት ላይ ጥሩ ከሰጡት ቁጥሮች አንዱ ማለት ነው። ወደ ማግኔቶቹ ፊት ስትጠጉ ግን ወደ 290 ይወጣል፣ ስለዚ የዘሩ ፖስታ መሀል ላይ እንዲቆም ከሁለቱም በኩል ጥጥ ጠቅጥቁበት። እንጨቱ 3 ሳንቲሜትር ከሆነ መሀሉ ወደ 75 ይወርዳል፣ 1 ሳንቲሜትር ከሆነ ወደ 310 ይወጣል፣ እንደፈለጋችሁት በእንጨቱ ውፍረት መቆጣጠር ትችላላችሁ፣ መለኪያ መሳሪያ ሳይኖር እንዲ መስራት መቻሉ ነው የሚያምረኝ።

ሁለተኛ፣ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ እንጨት ስሩ፣ በማግኔቶቹ ቦታ ግን መጠናቸው ተመሳሳይ የሆነ የአሉሚኒየም ቁራጭ አድርጉና ሁለቱንም በናስትሮ ጠቅልሏቸው፣ ከውጪ ሲታዩ እንዳይለዩ። ይሄ የውሸት ማግኔት ነው። ብረት እንዳታደርጉ፣ ብረት ራሱ መስክ ይስባል ያጣምማል። የውሸቱ ጥቅም ምንድነው፣ ሁለቱም ዘሮች እኩል ተነክተው፣ እኩል ጨለማ ውስጥ ቆይተው፣ እኩል ሞቀው ወይ ቀዝቅዘው እንዲወጡ ነው፣ የቀረው ልዩነት ማግኔቱ ብቻ ይሆናል።

እዚ ላይ ስለ አደጋው ሳልናገር አላልፍም። ሁለት ኒዮዲሚየም ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ መሀል ለመሀል ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል፣ የኦፕራሲዮን ጉዳይ ነው፣ ስለዚ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ቆልፉበት። ልቡ ላይ ፔስሜከር ያለው ሰው አይጠጋው። ሁለቱን ስታገናኙ ጣታችሁን መሀል አታስገቡ፣ እርስ በርስ ከተጋጩ ደሞ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃሉ፣ ስባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። የባንክ ካርድ እና ስልክ ራቅ ይበሉ። ከ80 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ጉልበቱን ያጣል፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ።

በስልካችሁ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር መስራት ይቻላል፣ አብዛኛው ስማርት ስልክ ውስጥ ለኮምፓሱ የሚሆን የማግኔት መለኪያ አለ፣ ፋይፎክስ የሚባለው ነጻ አፕ ቁጥሩን በማይክሮቴስላ ያሳያችኋል። ማግኔቱን በጭራሽ አታስጠጉት፣ ዘሩ የሚበቅልባቸውን ሳህኖች የምታስቀምጡበትን ቦታ ብቻ ለኩበት። ከ25 እስከ 65 ካሳየ ጥሩ ነው፣ 100 ወይ 200 ካለ ስር የብረት እግር ወይ ስፒከር ወይ ሌላ ነገር አለ፣ ቦታ ቀይሩ።

ማግኔቱን ከመንካታችሁ በፊት የሚሰራው ሙከራ

ይሄን ማንም ሰው ዘሎት እንዲያልፍ አልፈልግም፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ነገር ልብ እሱ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ሙከራ ያለማግኔት ስሩት። 200 ፍሬ ፌጦ ቁጠሩ፣ አንድ ሳህን ውስጥ ቀላቅሉ፣ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ለዚህ አንድ ለዚያ አንድ እያላችሁ ለሁለት ክፈሉ፣ አንዱን ግማሽ "ሀ" ሌላውን "ለ" በሉት፣ ሁለቱም ላይ ምንም አታድርጉ፣ ከታች ዋናው ሙከራ ላይ በምጽፈው መንገድ አብቅሉና ለኩ። "ሀ" እና "ለ" እኩል አይመጡም። ከ100 አንዱ ጋ 84 ሌላው ጋ 77 ሊበቅል ይችላል፣ የአንዱ ስር በአማካይ በ3 ሚሊሜትር ሊረዝም ይችላል። ያ ልዩነት የእናንተ ቤት፣ የእናንተ ዘር፣ የእናንተ እጅ ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት ነው፣ በኋላ ማግኔቱ የሚያመጣው ከሱ በግልጽ ካልበለጠ ማግኔቱ ሰራ ማለት አትችሉም። ቢቻል ደግሙት፣ እጃችሁም ይለምዳል።

ዋናው ሙከራ

አሁንም 200 ፍሬ ቀላቅላችሁ አንድ በአንድ ለሁለት ክፈሉ። የሚቀጥለውን ሌላ ሰው ይስራላችሁ፣ ጓደኛ፣ እህት፣ ወንድም፣ ማንም። እሱ አንዱን ፖስታ ማግኔቱ ውስጥ ሌላውን የውሸቱ ውስጥ ይክተት፣ በሳንቲም እጣ ይወስን የቱ የት እንደሚገባ፣ ሁለቱን እንጨቶች ቢያንስ 1 ሜትር አራርቆ አንድ ክፍል ውስጥ ለ2 ሰዓት ያቆያቸው። ከዛ ዘሩን ያውጣና እያንዳንዱን 25፣ 25 አድርጎ 4 ሳህን ላይ ያድርግ፣ በድምሩ 8 ሳህን ይሆናል፣ ከ1 እስከ 8 ቁጥር በእጣ ይስጣቸው፣ የትኛው ቁጥር የማግኔት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ይደብቅ። እናንተ እስከ መጨረሻው ልኬት ድረስ አታዩትም። ይሄ ሰውን አለማመን አይደለም፣ ዓይናችን የፈለገውን ነው የሚያየው፣ ግማሽ ሚሊሜትር የወጣ ስር ሲገጥማችሁ በቀለ ልበል አልበቀለም ልበል የሚለውን የምትወስኑት የማግኔቱ መሆኑን እያወቃችሁ ከሆነ ወደዛ ታደላላችሁ።

ማግኔቱን ከሳህኑ ስር ሙሉ ጊዜ ማስቀመጥ ለምን አልመረጥኩም? እንዲ ደረቅ ዘሩን ብቻ ማግኔት አሳይቶ ማውጣት ስለሚሻል ነው። ከበቀለ በኋላ 8ቱም ሳህኖች ፍጹም አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ናቸው፣ ከስር ብረት የለም፣ ሙቀት የሚወስድ የለም፣ መለዋወጥም ይቻላል።

ሳህን ስላችሁ 9 ሳንቲሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ክዳን ያለው የፕላስቲክ እቃ ማለቴ ነው። ሁለት ድርብ ሶፍት አንጥፉ፣ በመርፌ ሲሪንጅ (መርፌው ወልቆ) ለሁሉም እኩል 5 ሚሊሊትር ውሃ ስጡ፣ በግምት አታፍስሱ፣ የውሃ ልዩነት ከማግኔት ልዩነት በጣም ይበልጣል። ፍሬዎቹን 5 በ5 አሰልፏቸው፣ ለመቁጠር ይመቻል። ክደኑና ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ቦታ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ጠረጴዛ ላይ አድርጓቸው። ጠዋት ማታ ቦታቸውን አዟዙሩ፣ መስኮት ጋ ያለው ሁሌ እዛው ከቆየ መስኮቱን ነው የምትለኩት።

ውሃ ባገኘ በደቂቃዎች ውስጥ እያንዳንዱ የፌጦ ፍሬ ዙሪያውን እንደ ብርጭቆ የጠራ ልጋግ ይለብስና ሶፍቱ ላይ ይጣበቃል፣ አጉልታችሁ ብታዩት ቡናማው ፍሬ ጠብታ ውስጥ የተቀመጠ ነው የሚመስለው፣ አትንኩት፣ እርጥበት የሚይዝበት መንገዱ ነው። ከ18 ሰዓት በኋላ በየ6 ሰዓቱ ቁጠሩ። በቀለ የሚባለው ነጩ ስር 2 ሚሊሜትር ሲሞላ ነው፣ ይሄን መስፈርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አትቀይሩት። በሁለተኛው ቀን ስሩ ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ታያላችሁ፣ ብዙ ሰው ሻገተብኝ ብሎ የሚጥለው እዚ ጋ ነው። የስር ፀጉር ነው፣ ውሃ የሚመጠው በሱ ነው። ለመለየት ትንሽ ውሃ ርጩበት፣ የስር ፀጉር ከሆነ ስሩ ላይ ተለጥፎ ይጠፋል፣ ሻጋታ ከሆነ ግን እንዳለ ይቆያል፣ ሻጋታ ደሞ ስሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ሶፍቱ ላይም ይዘረጋል፣ ይሸታል።

ከመቶ ስንት በቀለ የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ጥሩ ዘር ከሆነ ከ100 98 ይበቅላል፣ ማግኔቱ ቢረዳ እንኳ የሚጨምርበት ቦታ የለም። ስለዚ ፍጥነቱን አስሉ። ለምሳሌ በ24ኛው ሰዓት 10 ዘር፣ በ30ኛው ተጨማሪ 60፣ በ36ኛው ተጨማሪ 20 ከበቀለ፣ 10 በ24፣ 60 በ30፣ 20 በ36 አባዝታችሁ ደምሩት፣ 2760 ይመጣል፣ ለ90 ስታካፍሉት አማካይ የመብቀያ ጊዜው 30.7 ሰዓት ነው ማለት ነው። ይሄን ለእያንዳንዱ ሳህን ለየብቻ ስሩ። ያረጀ ዘር ካላችሁ ደሞ ጥሩ ነው፣ ከ100 70 ወይ 80 የሚበቅል ዘር ላይ ልዩነት ካለ ቶሎ ይታያል።

በ72ኛው ሰዓት የስሩን ርዝመት ለኩ። ቡቃያውን በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አንስታችሁ ማስመሪያ አጠገብ አጋድሙት፣ ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ስታጠራጥሩ ትመለሱበታላችሁ። ቀጥ ያላለውን ስር በክር ተከትላችሁ ክሩን ለኩ። ያልበቀለውን ዜሮ ብላችሁ አማካዩ ውስጥ አታስገቡት፣ ለብቻው ይቆጠር።

ፖስታው ሲከፈት

100 ለ100 ስታወዳድሩ፣ ከ100 80 አካባቢ የሚበቅል ዘር ከሆነ፣ እስከ 11 የሚደርስ ልዩነት በእድል ብቻ ሊመጣ ይችላል። 25 ለ25 ብቻ ብትሰሩ ኖሮ 5 ዘር ልዩነት እንኳ ምንም ማለት ባልሆነ ነበር፣ ስንት ቪዲዮ ግን በ3 ዘር ይፈርዳል። ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማህበር አንድን ዘር ለመመዘን 400 ፍሬ የሚያስቆጥረው ወዶ አይደለም። ሌላው ጥሩ ዘዴ 4ቱን የማግኔት ሳህን እና 4ቱን የውሸት ሳህን በደረጃ ማሰለፍ ነው፣ 4ቱም የማግኔት ሳህኖች ከ4ቱም የውሸቶቹ በልጠው ከተገኙ ያ ዓይነት አሰላለፍ በእድል የሚመጣው ከ70 አንዴ ነው፣ ተቀላቅለው ከተገኙ ግን ብዙ አትጓጉ።

ልዩነት ከታየ በአዲስ 200 ፍሬ፣ አዲስ እጣ፣ ሌላ ቀን ድገሙት። ሁለት ሦስቴ ተከታትሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ቁምነገር አለው። ካልታየም ጻፉት፣ የምር እላችኋለሁ፣ "150 ሚሊቴስላ፣ 2 ሰዓት፣ ፌጦ፣ ምንም ልዩነት የለም" የሚል በትክክል የተሰራ ውጤት ሳይለካ ከተለጠፈ መቶ ቪዲዮ ይበልጣል። የሰራው ብቻ እየተወራ ያልሰራው ስለሚደበቅ ነው ይሄ ጉዳይ እንዲ የተምታታው።

ሌሎች ሁለት ሙከራዎች ለሚወዱ

ስር በማግኔት ይጣመማል ወይ የሚለውን ማየት የሚፈልግ፣ የበቀለ ፌጦ እርጥብ ሶፍት ላይ እንዳለ ሳህኑን በቁመቱ አቁሞ፣ ስሩ ወደታች ሲወርድ በአንድ በኩል ማግኔት በሌላ በኩል አሉሚኒየም በ2 ሚሊሜትር ርቀት ማድረግ ይችላል። ከባድ ነው ግን። ስር ወደ ውሃ ይሄዳል፣ ከብርሃን ይሸሻል፣ የነካውን ነገር ይዞራል፣ ከነዚህ ሁሉ የማግኔቱን መለየት አለባችሁ፣ ስለዚ ጨለማ ውስጥ ይሁን፣ ሶፍቱ እኩል ይርጠብ፣ ማግኔቱ በግማሾቹ ሳህኖች ግራ በግማሾቹ ቀኝ ይሁን። ላቦራቶሪ ውስጥ የተሳካላቸው መስኩ በሚሊሜትሮች ውስጥ በጣም እንዲቀያየር አድርገው በጥንቃቄ አዘጋጅተው ነው፣ ተራ ማግኔት ብዙ ላያሳይ ይችላል።

በሽቦ ጥቅል ለመስራት የምታስቡ ደሞ ሂሳቡን አስቀድሙ። በ1 ሜትር ርዝመት 1000 ዙር ሂሳብ የተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ 1 አምፒር ስታሳልፉ የምታገኙት 1.26 ሚሊቴስላ ብቻ ነው፣ ሽቦው ግን ይሞቃል። ሞቅ ያለ ዘር ደሞ ቶሎ ይበቅላል! እዚ ላይ ስንቱ ተሳስቷል። መፍትሄው ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን አድርጎ አብሮ መጠቅለል ነው፣ በአንዱ ጥቅል ሁለቱም ሽቦ ውስጥ ከረንቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ፣ በሌላው ጥቅል አንዱ በተቃራኒው ይሂድ። በሁለተኛው መስኩ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ሙቀቱ ግን እኩል ነው። ይሄን ከሰራችሁ ከብዙ የታተመ ጥናት የተሻለ ማወዳደሪያ አላችሁ ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ የምትቀይሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። እንጨቱን ሳትነኩ ሰዓቱን 1 ወይ 4 አድርጉት፣ ወይ ሰዓቱን ሳትነኩ እንጨቱን በ3 ሳንቲሜትሩ ለውጡት። የተረፈውን ዘር ከዛው ከረጢት ሳትቀላቅሉ በደንብ በሚዘጋ እቃ፣ ደረቅ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከማግኔቶቹ ከ1 ሜትር በላይ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ እላዩ ላይ ቀኑን እና የመጀመሪያውን የ"ሀ" እና "ለ" ልዩነት ጻፉበት፣ ቀጣዩን ውጤት የምትመዝኑት በሱ ነው።